አግኝቶ ማጣት፦ የፓኪስታን ልጅ እግር ፈጣን ወርዋሪዎች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ናሲም ሻህ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ በአውስትራሊያዋ ብሪስቤን ከተማ ለፓኪስታን የመጀመሪያውን የቴስት ግጥሚያ ተጫወተ። ቴስት እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ፣ በክሪኬት ዓለም ከሁሉም የከበደ ጨዋታ ነው። ግጥሚያው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቱ አገር ቤት አረፉ። ቤተሰቡ ተመካክሮ ልጁ እዚያው እንዲቆይ ወሰነ፤ ቀብራቸው ላይ ሳይገኝ ቀረ። ከዚያም ሐዘኑን ይዞ ሜዳ ገባና በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወረወረ የዓለምን ታላላቅ መቺዎች ፈተነ። የአውስትራሊያውን መቺ ዴቪድ ዋርነርን 56 ነጥብ ላይ እያለ አስወጣው፤ ሆኖም ሲወረውር እግሩ መስመሩን አልፎ ስለነበር አልተቆጠረለትም። ዋርነር 154 ላይ ሲደርስ ያው ልጅ ድጋሚ አስወጣው። በቴስት ያስወጣው የመጀመሪያ መቺ እሱ ነበር።

ያን ቀን ስለ ናሲም ከተባለው አብዛኛው ስለ ተስፋው ነበር። እኔን ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ነበር፤ ልጁ ከዚያ ቀደምም ወገቡ ላይ በደረሰበት የአጥንት ስንጥቅ ከሜዳ ርቆ ቆይቷል። ይህን ዳሰሳ ያስጻፈኝም እሱው ነው። ጺም ያላበቀለ ፈጣን ወርዋሪ በማግኘት ፓኪስታንን የሚስተካከል አገር የለም። እነዚህ ልጆች ከየት ይመጣሉ? ስንቶቹስ ይቆያሉ? ሁለተኛውን ጥያቄ ያለ መጀመሪያው መመለስ አይቻልም፤ ልጆቹን የሚያገኛቸውና የሚሰብራቸው አንድ ነገር ነውና። እሱም ጥድፊያ ነው።

ክሪኬትን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው ተንደርድሮ መጥቶ ከ20 ሜትር ርቀት ገደማ ኳሱን ይለቃል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት የእንጨት ችካሎች በዱላው ይጠብቃል። ችካሉ ከተመታ ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል፤ ይህ ዊኬት ይባላል። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ነው። ወርዋሪው ሲወረውር የታጠፈ ክርኑን ከ15 ዲግሪ በላይ መዘርጋት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ጉልበቱ ሁሉ ከሩጫው፣ ከወገቡና ከትከሻው መምጣት አለበት። በ140 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተለቀቀ ኳስ መቺው ጋ የሚደርሰው ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ነው።

በዱባይ ወይም በሻርጃ ሠርቶ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ጨዋታ ስሙን ባያውቀው እንኳ አይቶታል። በዕረፍት ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ በሕንጻዎች መካከል ባለ ባዶ አሸዋማ ቦታ ላይ የፓኪስታንና የሕንድ ሠራተኞች ተሰብስበው ይጫወታሉ። ኳሳቸው የቆዳው ኳስ አይደለም። ተራ የቴኒስ ኳስ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚጠቀልሉበት ቴፕ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሏል። ይህ ጨዋታ ከካራቺ ሰፈሮች ተነሥቶ በመላ ፓኪስታን ተስፋፍቷል። በረመዳን ከጾም ፍቺ በኋላ በመብራት እስከ ሌሊት የሚዘልቁ ውድድሮች አሉት፤ ጎበዝ ተጫዋችም ገንዘብ ያገኝበታል።

የፓኪስታን ፈጣን ወርዋሪ ምሥጢር ያለው እዚህ ኳስ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴፕ የተጠቀለለበት ኳስ ቀላል ስለሆነ ለመቺው ይመቻል፤ ሜዳው ጠባብ ነው፤ ትንሽ የተሳሳተ ኳስ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ለወርዋሪው የቀረለት መከላከያ ሁለት ነው፤ አንደኛው ፍጥነት፣ ሁለተኛው ደግሞ ዮርከር የሚሉት፣ በቀጥታ የመቺው የእግር ጣቶች ሥር የሚያርፍ ኳስ። ቀላል ኳስን ማፍጠን ከባድ ኳስን ከማፍጠን ይልቅ የሚፈልገው የክንድ ቅልጥፍና ነው። የመንደር ልጅ አሠልጣኝ ሳያይ፣ ጂም ሳይገባ፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ክንዱን እንደ ወንጭፍ ያሽከረክራል። ከቴፑ ላይ አንድ መስመር ደርቦ ቢለጥፍ ወይም ግማሹን ብቻ ቢጠቀልል ኳሱ አየር ላይ መታጠፍ ይጀምራል፤ ሌላው ዓለም በትልልቅ አካዳሚ የሚያስተምረውን ጥበብ የሰፈር ልጅ በጣቱ ይለምደዋል። ናሲም ከታችኛው ዲር፣ ሻሂን ሻህ አፍሪዲ ከካይበሩ ላንዲ ኮታል፣ ኢህሳኑላህ ከስዋት፣ ዛማን ካን ከካሽሚር ተራሮች የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሐሪስ ራኡፍ በራዋልፒንዲ እሁድ እሁድ ገበያ ላይ መክሰስ እየሸጠና በቴፕ ኳስ ጨዋታ ገንዘብ እያገኘ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍን እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የላሆር ቃላንደርስ ክለብ በጉጅራንዋላ ባዘጋጀው የክፍት ምልመላ ላይ በፍጥነት መለኪያው መሣሪያ ፊት ወረወረ፤ ሕይወቱም ተቀየረ።

ነገር ግን እዚሁ ላይ አንድ ቁጥር ልብ ይሏል። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም ገደማ ነው፤ ቴፑ ጥቂት ይጨምርበታል። የቆዳው ኳስ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልጁ በቀላሉ ኳስ የተማረውን የክንድ ፍጥነት ይዞ ከእጥፍ በላይ ወደሚከብደው ኳስ ይሻገራል፤ በሁለቱ መካከል አካሉ የሚጠናበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ጥድፊያው የመጣው ከታላቅ ስኬት ስለሆነ ፓኪስታናውያንን መውቀስ ይከብዳል። ዋሲም አክራምን በላሆር ጋዳፊ ስታዲየም የልምምድ መረብ ውስጥ ያየው አንጋፋው መቺ ጃቬድ ሚያንዳድ ነው። ልጁ በመደበኛው የአገር ውስጥ ውድድር ተጫውቷል ለማለት እንኳ የማያስደፍር ልምድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1985 ኒው ዚላንድ ሄደ፤ በሁለተኛ ቴስቱ በደኒደን በ18 ዓመቱ አሥር ዊኬት ወሰደ። ዋቃር ዩኒስን ደግሞ የቡድኑ አምበልና ራሱም ፈጣን ወርዋሪ የነበረው ኢምራን ካን ያገኘው ቤቱ ሆኖ ቴሌቪዥን ሲመለከት ነው፤ ዋቃር በኖቬምበር 1989 በካራቺ ከሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካር ጋር በአንድ ግጥሚያ ቴስት ሲጀምር 18 ዓመት አልሞላውም ነበር። ኣቂብ ጃቬድ በዚያው ዓመት በ16 ዓመቱ ገባ። ዋሲም 414፣ ዋቃር 373 የቴስት ዊኬት ይዘው ጨረሱ። ከዚህ በኋላ የትኛው አሠልጣኝ ጥሩ ልጅ አይቶ «ሁለት ዓመት ይቆይ» ይላል?

ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩት የሚዘሉት ግን አለ። ዋቃር በወገብ አጥንት ስንጥቅ ምክንያት ፓኪስታን ዋንጫውን ያነሣችበት የ1992ቱ የዓለም ዋንጫ አምልጦታል። ኢምራን ራሱ በ1983 የቅልጥም አጥንቱ ተሰንጥቆ በችሎታው ጫፍ ላይ ሳለ ለረጅም ጊዜ መወርወር አቁሟል። ከሁሉም በላይ ዋሲም በእንግሊዝ ላንካሻየር፣ ዋቃር በሰሪ፣ ኢምራን በሰሴክስ ክለብ ለዓመታት ተጫውተዋል። የእንግሊዝ የክለብ ውድድር በሳምንት ብዙ ቀን ያስወረውራል። ሰውነትን ያደክማል፤ ግን መቼ መፍጠን፣ መቼ መቆጠብ እንደሚገባ ያስተምራል። ስለዚህ የዋሲምና የዋቃር ታሪክ «ልጁን ወርውሩት፣ ይዋኛል» የሚል ታሪክ አይደለም። መንደሩ ወለዳቸው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ተኮተኮቱ።

ሳይኮተኮቱ የቀሩትስ? መሐመድ ዛሂድ እ.ኤ.አ. በ1996 በራዋልፒንዲ በመጀመሪያ ቴስቱ 11 ዊኬት ወሰደ። በመጀመሪያ ግጥሚያው አሥርና ከዚያ በላይ የወሰደ ፓኪስታናዊ ከርሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ ወገቡ ተጎዳ፤ ቴስቶቹ በድምሩ አምስት ብቻ ሆኑ። መሐመድ ሳሚ በ2001 በኦክላንድ ስምንት ዊኬት ይዞ ሲጀምር የወቅቱ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ በ36 ቴስት 85 ዊኬት ብቻ አግኝቶ አበቃ። ሾኣይብ አክታር በ2003 በኬፕታውን በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር ወረወረ፤ ይህን ፍጥነት እስካሁን የደረሰበት የለም። ሆኖም በጉልበቱና በሌላም ጉዳት ሲመላለስ ኖሮ የቴስት ግጥሚያዎቹ 46 ላይ ቆሙ።

የሰውነቱን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ፈጣን ወርዋሪ ኳሱን ሊለቅ ሲል የፊት እግሩን ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ይተክላል። በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚሸከመው ጫና ከሰውነቱ ክብደት አምስት እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያው ቅጽበት ወገቡ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ጎን እየታጠፈ ይዞራል። በቀኝ ክንዱ የሚወረውር ከሆነ የሚጎዳው በአብዛኛው የታችኛው አከርካሪ ግራ ጎን ነው። ይህ አጥንት የሚጠናው ዘግይቶ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ክንዱ እንደ ትልቅ ሰው ሊፈጥን ይችላል፤ አከርካሪው ግን ገና ልጅ ነው። ስንጥቁ በአንድ ቀን አይመጣም። በመጀመሪያ ዝም ብሎ ድካም የሚመስል ሕመም ነው፤ ልጁ ተራው እንዳይወሰድበት ስለሚፈራ አይናገርም።

ለዚህም ነው እንግሊዝና አውስትራሊያ ወጣት ወርዋሪ በቀን ስንት ኳስ መወርወር እንዳለበት የሚገድቡት። ገደቡ ብቻውን ፈውስ አይደለም። ፓት ከሚንስ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በጆሃንስበርግ ሰባት ዊኬት ይዞ ጀምሮ ወገቡ ተሰንጥቆ ሁለተኛ ቴስቱን የተጫወተው በማርች 2017 ነው። ከአምስት ዓመት በላይ! ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሐኪም አልተለየውም። ተመልሶ የአገሩ አምበል ሆነ። በከሚንስና በዛሂድ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ አይመስለኝም፤ ከሚንስ የሚጠብቀው ነበረው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የኢህሳኑላህ ጉዳይ ነው። ከስዋት ሸለቆ የመጣ ልጅ ነው። በ2023ቱ የፓኪስታን ሱፐር ሊግ ለሙልታን ሱልጣንስ 22 ዊኬት ወስዶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ ከኩዌታ ጋር በተደረገ አንድ ግጥሚያ 12 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አምስት መቺ አሰናበተ። ወዲያው ብሔራዊ ቡድን ገባ፤ በወሩ ክርኑ ተጎዳ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሕመሙ ግን ተመለሰ፤ ወራት አለፉ። በመጨረሻ በ2024 የክሪኬት ቦርዱ ጉዳዩን የሚያጣራ የሐኪሞች ቡድን አቋቁሞ ምርመራው እንደ ዘገየና ሕክምናው በአግባቡ እንዳልሄደ ታወቀ። ለወርዋሪ ክርን ማለት ለሸማኔ እጅ ማለት ነው። በ20 ዓመቱ በ150 ኪሎ ሜትር የሚወረውር ልጅ አገኙ፤ የጎደለው ያመመውን ቦታ በጊዜው የሚመለከትለት ሰው ነበር።

ሻሂንም ከዚህ አላመለጠም። በ17 ዓመቱ በመጀመሪያው የአራት ቀን ግጥሚያው በአንድ ኢኒንግ፣ ማለትም አንድ ቡድን በሚመታበት አንድ ዙር፣ 39 ነጥብ ሰጥቶ ስምንት ዊኬት ወሰደ፤ በ19 ዓመቱ በ2019ኙ የዓለም ዋንጫ በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ባንግላዴሽ ላይ ስድስት። በኦክቶበር 2021 በዱባይ የሕንድን ሦስት ታላላቅ መቺዎች ሮሂት ሻርማን፣ ራሁልንና ኮህሊን አሰናብቶ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በጁላይ 2022 በስሪላንካዋ ጎል ጉልበቱ ተጎዳ። በኖቬምበር በሜልበርን የሃያ ኦቨሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሲደርስ ገና እያገገመ ነበር፤ ኳስ ለመቅለብ ሲወድቅ ያው ጉልበቱ አመመው። ሦስተኛ ኦቨሩን ሊጀምር መጣ፤ አንድ ኳስ ወረወረና ቆመ። ሮጦ መጨረስ አልቻለም፤ እያነከሰ ወጣ። እንግሊዝ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ሻሂን ጥሩ ቀን አለው፤ የድሮው ፍጥነቱ ግን ሁልጊዜ አብሮት አይውልም። ናሲምም በ2023 በኮሎምቦ ትከሻው ተጎድቶ በዚያው ዓመት የተካሄደው የዓለም ዋንጫ አመለጠው።

ሁሉም ስብራት የአጥንት አይደለም። መሐመድ አሚር በ17 ዓመቱ በ2009 በሎርድስ በተካሄደው የሃያ ኦቨር ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በመጀመሪያው ኦቨር ዲልሻንን አስወጥቶ ለአገሩ ዋንጫ መንገድ ከፈተ። በዓመቱ እዚያው ሎርድስ ስድስት ዊኬት ወሰደ፤ በዚያው ግጥሚያ ላይ ሆን ብሎ መስመር አልፎ በመወርወር ገንዘብ በተያዘበት ማጭበርበር ተሳተፈ። በ2011 ለንደን ላይ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ ከጨዋታም አምስት ዓመት ታገደ። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አምኗልም። ነገር ግን ከጉጃር ካን መንደር ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የዓለም ስመ ጥር የሆነ የ18 ዓመት ልጅ፣ አምበሉ ራሱ በነገሩ ውስጥ ባለበት ቡድን፣ ማንን ይጠይቅ ነበር? ተመልሶ በ2017 የቻምፒዮንስ ዋንጫ ፍጻሜ የሕንድን አናት ሲቆርጥ ብዙ ሰው አለቀሰ። ከቴስት የወጣው ግን በ27 ዓመቱ ነው።

ዛሬ ያለውን ችግር ያባባሰው የጨዋታው ዓይነት መለወጥ ነው። በሃያ ኦቨር ጨዋታ አንድ ወርዋሪ ቢበዛ 24 ኳስ ይወረውራል። በቴስት በአንድ ቀን 120 ኳስ ሊጠየቅ ይችላል፤ በማግስቱም ይደገማል። የሃያ ኦቨር ውድድር የሆነው ሱፐር ሊግ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ለድሃ ልጅ የደጅ መክፈቻ ሆኗል፤ ይህን በጎነቱን አልክድም። ግን በ24 ኳስ የተመረጠ ልጅ በ24 ኳስ የተሠራ ሰውነት ነው ያለው። የአገር ውስጥ ውድድሩም አልረጋም፤ ቀድሞ ባንኮች፣ አየር መንገዱ፣ የውኃና ኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑ የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ ለተጫዋቹ የወር ደመወዝና ሥራ ይሰጡ ነበር። የተጎዳ ልጅ ቢያንስ የሚበላው አያጣም ነበር። ሻሂን እንኳ የጀመረው በእንዲህ ያለ የመሥሪያ ቤት ቡድን ነው። በ2019 እነዚህ ቡድኖች ከውድድሩ ወጥተው በስድስት የክልል ቡድኖች ተተኩ፤ ጥራት ይጨምራል ተብሎ ነበር። ብዙ ተጫዋች ሥራ አጣ። ቆይቶ መሥሪያ ቤቶቹ ተመለሱ። እንዲህ በየጥቂት ዓመቱ ቤቱ እየፈረሰ በሚሠራበት አገር አንድ ወጣት የአምስት ዓመት ዕቅድ ሊኖረው አይችልም።

በ2024 ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። እንግሊዝ ሙልታን ላይ በአንድ ኢኒንግ 823 ነጥብ ከቆለለች በኋላ ፓኪስታን ፈጣኖቿን ወደ ጎን አድርጋ በደረቀ ሜዳ ላይ በሚያሽከረክሩ ወርዋሪዎች ተማመነች። ቀጣዮቹን ሁለት ቴስቶች አሸነፈች፤ ከ40ው ዊኬት 39ኙን ኖማን አሊና ሳጂድ ካን ወሰዱ። ድሉ ድል ነው። የፈጣን ወርዋሪ አገር በገዛ ሜዳዋ ፈጣን ወርዋሪ ሳያስፈልጋት ሲቀር ማየት ግን ለእኔ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ልጆቹ በቴስት የሚያድጉበት ሜዳም በዚያው ጠበበ።

ከወንዶቹ ሳልወጣ እንዳልጨርስ፣ የካራቺዋ ፋጢማ ሳና በ2024 በሴቶች የሃያ ኦቨር ዓለም ዋንጫ በ22 ዓመቷ አገሯን በአምበልነት መርታለች። በውድድሩ መካከል አባቷ አረፉ፤ ወደ ካራቺ በርራ ሐዘኗን ተወጥታ ለኒው ዚላንዱ ግጥሚያ ተመለሰች። ስለ ወጣት ፈጣን ወርዋሪ በሚጻፈው ሁሉ ስሟ ግን እምብዛም አይነሣም።

አዲስ ስም አልጠፋም። የናሲም ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ሁነይንና ኡበይድም ፈጣን ወርዋሪዎች ናቸው፤ ከአንድ ቤት ሦስት። እኔ በልዩ ዓይን የምከታተለው ግን አሊ ራዛን ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በደቡብ አፍሪካዋ ቤኖኒ ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ፓኪስታን 179 ብቻ አስቆጥራ ነበር። የ15 ዓመቱ ልጅ 34 ነጥብ ሰጥቶ አራት ዊኬት ወሰደና አውስትራሊያን እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች አደረሳት። አንዲት ዊኬት ጎድላ ፓኪስታን ተሸነፈች። በ2025 ለፔሻዋር ዛልሚ በሱፐር ሊግ ሲሰለፍ አየሁት፤ አሁንም የቴሌቪዥኑ ካሜራ መጀመሪያ የሚያሳየው የፍጥነት ቁጥሩን ነው። እኔ የምፈልገው ቁጥር እዚያ ላይ አይወጣም። የአገር ውስጡ የቀኢደ አዛም ዋንጫ የአራት ቀን ግጥሚያዎች ሲደረጉ በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ ከስሙ ጎን ስንት ኦቨር እንደተጻፈ፣ ከዚያም ስንት ሳምንት እንዳሳረፉት እቆጥራለሁ።